ማሾ ለምን ሦስት ጊዜ ይለቀማል?



የጣርማ በርን ብርድ ትቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሹራቡን ማውለቁ አይቀርም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የይፋት ቆላ ናት። እዚህ ማሽላውም ጤፉም አለ፤ የዛሬው ትምህርታችን ግን ስለ ማሾ ነው።

ማሾ ከአተርና ከባቄላ ወገን የሆነ፣ ፍሬው ትንሽና አረንጓዴ፣ ከ60 እስከ 75 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደርስ ሰብል ነው። በ2006 ዓ.ም በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ጀመረ፤ ወደ ውጭ አገርም ይላካል። ሐምሌ ላይ የተዘራው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ለለቀማ ይደርሳል። ይህ ወር ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ትምህርት ቤት ገና የተከፈተበት ነው።

ማሾ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ዛላው ሁሉ በአንድ ቀን አይደርስም። አንዱ ዛላ ጠቁሮ ሳለ ሌላው ገና አረንጓዴ ነው፤ በዚያው ተክል ላይ ቢጫ አበባም ይታያል። ገበሬው ሁሉም እስኪደርስ ልጠብቅ ቢል የመጀመሪያው ይረግፍበታል። በአንድ ጊዜ ልጨደው ቢል ጮርቃው ከደረሰው ይቀላቀልና ነጋዴው ዋጋ ይሰብርበታል። ስለዚህ የጠቆረውን ብቻ እየመረጠ ለቅሞ፣ ከቀናት በኋላ ተመልሶ፣ እንደገናም ሠልሶ ይለቅማል። በአውስትራሊያ ሰፋፊ እርሻዎች ተክሉን በኬሚካል አድርቀው በኮምባይነር አንዴ ያጭዱታል፤ ባለ አንድ ጥማድ ገበሬ ግን ኮምባይነሩ ዓይኑና ጣቱ ነው።

የወይን ለቃሚም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። በዝዋይ ካስቴል ካለማው የወይን እርሻ የመጀመሪያው ወይን ጠጅ ለገበያ የቀረበው በዚያው በ2006 ዓ.ም ነበር፤ ዘለላው የሚቆረጠው በእጅ ነው። ወይን እንደ ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም፤ ሳይጣፍጥ የቆረጡት ሳይጣፍጥ ይቀራል። በሙቀት የፈረጠ ፍሬ ደግሞ መጥመቂያው ሳይደርስ መፍላት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት በብዙ አገር የወይን ለቃሚ በጠዋት ነው የሚወጣው።

ማሾ ግን አይፈላም፣ ይፈነዳል እንጂ! የዛላው ሁለት ግድግዳዎች የተሠሩበት ጭረት ሰያፍ ነው፤ ሲደርቁ ውስጡና ውጭው እኩል አይኮማተርም። አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ሲጠመዘዝ ስፌቱ ድንገት ይለቅና ፍሬው ይወረወራል። ሌሊት የወረደው ጤዛ ዛላውን ስለሚያለሰልሰው ጎህ ሲቀድ ቢነኩት አይፈነዳም። ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ግን ገና እጅ ሲነካው ይበተናል፤ መሬት የወደቀውን ማን ይለቅመዋል?

እኔ ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት የቆላ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የአምስተኛ ክፍል ወንበሮች ባዶ ይሆኑብኝ ነበር። ስም እየጠራሁ «ቀሪ» እጽፋለሁ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ገባች። ጣቶቿ ጠቁረዋል፣ ታካቸዋለች፤ የማሾ ዛላ ጸጉራም ነው። እንደ ትልቅ መምህር ተቆጣሁና «እናትሽ ከሰዓት በኋላ አይለቅሙም?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ፀሐይ ከወጣ ይረግፋል እኮ!» አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። በእሷ ሳይሆን በእኔ።

ልጅቷ ከትምህርት መቅረቷ ትክክል ነው አልልም፤ በሦስት ለቀማ ስንት የማካፈል ትምህርት እንዳመለጣት መዝገቡ ላይ አለ። እኔ ግን ለምን እንደምትቀር ሳላውቅ ነበር የምቆጣት። በማግስቱ ጥቂት የደረሱ ዛላዎች ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። ግማሹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልን፣ ግማሹን ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ አሰጣን። ያመለጣትንም የማካፈል ትምህርት በእነዚያው ፍሬዎች ላሳያት ጀመርኩ።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አማርኛ እያስተማርኩ ሳለ ጧ! አለ። ፍሬው ጥቁር ሰሌዳውን መታው። የተጠቀለለው እንዳለ ነው። ልጅቷ ከወንበሯ ተነሥታ የተበተነውን መልቀምና መቁጠር ጀመረች፤ እኔም አማርኛውን አቆምኩ።