የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን

ባለፈው ሰሙነ ሕማማት፥ በዓመቱ ውስጥ ባሏን የቀበረች አንዲት እናት ወደ እኛ መጥታ፥ «አባታችን፥ ዘንድሮ ጉልባን መቀቀል ይገባኛልን? ሰውስ ምን ይለኛል?» ስትል ጠየቀችን። ነገሩ የማእድ ቤት ጉዳይ ቢመስልም ካህናት ሊያስቡበት የሚገባ ስለ ሆነ ጥቂት ቃል ልንጽፍበት ወደድን።

ጉልባን ከምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን የሚቈጠር አይደለም፤ ያላዘጋጀም አይወገዝም። ሆኖም በየቤቱ የሚሰጥ ትምህርት ነው። እስራኤል ከግብፅ በችኰላ ሲወጡ ሊጣቸው እስኪቦካ ሊቈዩ እንዳልቻሉ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ተጽፎአል፤ አባቶቻችንም ያን ለማሰብ በጸሎተ ሐሙስ ያልቦካ ቂጣና ጉልባን እንዲበላ ልማድ አድርገዋል። ከመኸር ተርፎ በጎተራ የቈየው ስንዴ ተዘፍዝፎ ያድርና ቀድሞ ይጣዳል፤ የባቄላው ክክ ቶሎ ስለሚበስል ኋላ ይጨመራል። ጨዉ ጠንከር ይላል፤ ይኸውም የበላው ሰው ሲጠማ የጌታችንን ጥም እንዲያስብ ነው ብለው አባቶች ያስተምራሉ። ታዲያ ይህን ለልጆች ሳይነግሩ ሳሕኑን ብቻ ማቅረብ ምን ይጠቅማል? ልጆች ስለ ማእዱ ትርጉም እንደሚጠይቁ ኦሪትም አስቀድማ ተናግራለች።

የእናቲቱን ጥያቄ ስንሰማ የሕንድ ክርስቲያኖች ልማድ ትዝ አለን። የሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ከእኛ ጋር የተቀመጠች እኅታችን ናት። በኬረላ አገር የሚኖሩ የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች በዚሁ ሐሙስ ማታ (ዕለቱ በቀመር ልዩነት ከእኛው ጋር ሁልጊዜ ባይገጥምም) «ፐሰሓ አፐም» የሚሉትን ያልቦካ ኅብስት በየቤታቸው ያዘጋጃሉ። አገራቸው የሩዝ አገር ስለ ሆነ ኅብስቱ ከሩዝ ዱቄትና ከጥራጥሬ ክክ ተሠርቶ በእንፋሎት ይበስላል፤ ከሆሣዕናው ዘንባባ የተሠራ መስቀልም ያኖሩበታል። የቤቱ አባት ጸልዮ ይቈርስና በኮኮነት ወተትና በአገዳ ስኳር ከተሠራ መጠጥ ጋር ለቤተ ሰቡ ያድላል። በዓመቱ ሰው የሞተበት ቤት ግን አያዘጋጅም፤ ጎረቤት ያመጣለታል።

በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ጉልባን አይቀቅል የሚል ሥርዓት የለም። እንዲያውም ንፍሮ ከለቅሶ ቤት መች ተለይቶ ያውቃል! ስለዚህ፥ «አቅም ካለሽ ቀቅዪ፤ ከሌለሽም ጎረቤቶችሽ ያምጡልሽ፤ አትፈሪ» አልናት። ለጎረቤቶቿም ነገሩን ሹክ አልን። በጸሎተ ሐሙስ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ ስንደርስ ሦስት ሳሕን ጉልባን መጥቶላት፥ እርሷም የራሷን ድስት ከእሳት ስታወርድ አገኘናት።