የሸክላ ሐውልት በአደባባይ

ሸክላ ማለት ተቦክቶ ቅርጽ ከተሰጠው በኋላ ደርቆ በእሳት የተተኮሰ ዐፈር ነው። ያልተተኮሰ ጭቃ ዝናብ ሲመታው ይሟሟል፤ በሚገባ የተተኮሰ ግን ወደ ጭቃነቱ አይመለስም።

በአዲስ አበባ ከልደታ ማርያም ተነሥቶ ወደ ለገሃር የሚሄድ ሰው ለ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ያያል። አንበሳው ነሐስ ነው፤ በወረራው ዘመን ጠላት ወደ ሮማ ወስዶት ኋላ ተመለሰ። የነሐስ ዋጋ ከፍ ያለ ስለ ሆነ በጦርነት ጊዜ በየአገሩ ብዙ ሐውልት እየቀለጠ መድፍ ሆኗል። ገልን አቅልጦ መድፍ የሚያደርግ ግን የለም።

ታዲያ ሸክላ በዝናብና በፀሐይ መቆም ይችላልን? መልሱ በጣራችን ላይ አለ። በሣር ክዳን ጫፍ ላይ የሚደፋው የሸክላ ጉልላት ዝናቡ በምሰሶው ራስ በኩል እንዳይገባ እየከለከለ ክረምቱን ሁሉ ይቀበላል፤ መንገደኛም ከሩቅ ያየዋል። ሐውልት ብሎ የሚጠራው ባይኖርም፥ በአደባባይ የቆመ የሸክላ ሥራ እርሱ ነው።

ሐውልት ግን ትልቅ ነውና ብልሃት ይፈልጋል። ድፍን ሆኖ የተሠራ እንደ ሆነ፥ ውስጡ ሳይደርቅ እሳት ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ሥራውን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ሠሪው ውስጡን ባዶ፥ ዙሪያውን ውፍረቱ እኩል አድርጎ፥ ለእንፋሎቱም ቀዳዳ ይተዋል። አሮጌ ገል ወቅቶ ከጭቃው ጋር ቢያቦካ እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። በጣም ትልቁን በክፍል በክፍል ተኩሶ ኋላ ይገጥመዋል።

በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚተኮሰው ሸክላችን ውሃ ይመጥጣል። ይህ ውሃውን ስለሚያቀዘቅዝ ለእንስራ መልካም ነው፤ ለሐውልት ግን ዐፈሩ ከቻለው እስከ 1,200 ዲግሪ በሚግል ምድጃ የተተኮሰ፥ ወይም እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ቅብ ተቀብቶ ዳግመኛ የተተኮሰ ይሻላል። በኢጣልያ በፍሎረንስ ከተማ አንድሬያ ዴላ ሮቢያ የሚባል ሠሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1487 ዓ.ም. ገደማ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ቤት በዚህ ዓይነት ቅብ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሕፃናትን ምስል ሠራ። ከ500 ዓመት በኋላ ዛሬም በአደባባዩ ፊት ይታያሉ።

በአገራችንም በጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ትንንሽ አንበሳና የሰው ምስል ይሠሩ ነበር። ይህን የመሰለ እጅ ሳለን የሸክላ ሐውልት ያነሰን ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን ስላራቅናት ይመስለኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ጥበበኛን መሳደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ።

ተማሪዎች ሆይ፥ በመንደራችሁ ሸክላ የምትሠራ እናት ብትኖር ከመምህራችሁ ጋር ሄዳችሁ፥ እጅ ነሥታችሁ፥ ጭቃውን ከየት እንደምታመጣ፥ ምን እንደምትቀላቅልበት፥ ስንት ቀንም እንደምታደርቀው ጠይቁ። ከዚያ በኋላ መዳፍ የሚያህል፥ ውስጡ ባዶ የሆነ አንበሳ ሠርታችሁ በጥላ አድርቁ፤ በምትተኩስበት ቀን ከማሰሮዋ ጋር እንድታስገባላችሁ ለምኑ።