ሥልጠና ለበቆሎና ለአኩሪ አተር ገበሬ

ዝናብ ጠብቆ የሚያርስ ገበሬ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ይዘራል። ዘሩ መሬት ከገባ በኋላ ስሕተት ቢገኝ ማረም ያስቸግራል። ሌላ ክረምት መጠበቅ የግድ ይሆናል። ስለዚህ በማሳ ላይ ከመክሰር አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ሥልጠና የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰው «አባቴ ሥልጠና ሳያይ አርሶ አሳድጎኛል» ይላል። እውነት ነው። አፈሩን፣ ዝናቡንና በሬውን ማወቅ የተማርነው ከአባቶቻችን ነው። ነገር ግን እነሱ ያላዩት ነገር መጥቷል። ድቅል የበቆሎ ዘርና አኩሪ አተር ለብዙ ገበሬ አዲስ ናቸው። መጤ ተምችም ወደ አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው።

በቆሎን እንመልከት። ገበሬ ትልልቁን የበቆሎ ራስ መርጦ ለዘር ያስቀምጣል። ለአገሩ ዘር ይህ ጥሩ ልማድ ነው። ድቅል ዘር ግን እንዲህ አይደለም። ከድቅል በቆሎ የተወሰደ ዘር በሁለተኛው ዓመት ምርቱ ይቀንሳል፤ ቁመቱም አንድ ዓይነት አይሆንም። ይህን ያልሰማ ገበሬ በደህና ልማድ ይከስራል። ተምቹም እንደዚሁ ነው። ትንሽ ሳለ በእጅ ለቅሞ መግደል ይቻላል። አድጎ ወደ በቆሎው እምብርት ከገባ ግን መድኃኒት እንኳ በደንብ አይደርስበትም።

አኩሪ አተርም የራሱ ጠባይ አለው። በሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች ይወጣሉ። በእባጮቹ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። እነዚህ ናይትሮጅን የሚባለውን ምግብ ከአየር ወስደው ለሰብሉ ይሰጣሉ። አኩሪ አተር ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ላይ ግን ተሕዋስያኑ ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ዘሩ በሕያው ማዳበሪያ ይታሻል። ፀሐይ ተሕዋስያኑን ስለሚገድላቸው የሚታሸው በጥላ ሥር ነው፤ ወዲያውም ይዘራል። አበባ ሲያወጣ አንዱን ነቅሎ እባጩን መሰንጠቅ ነው። ውስጡ ቀላ ካለ እየሠራ ነው። በአኩሪ አተር መሬት ላይ በማግሥቱ ዓመት በቆሎ ቢዘራ ይጠቀማል።

ሥልጠናው ለባል ብቻ አይደለም። ጥሬ አኩሪ አተር ለሰውም ለዶሮም አይስማማም፤ በደንብ መቀቀል ወይም መቆላት አለበት። ዘር የምታስቀምጠውና ምግብ የምታበስለው ሚስት ከሥልጠናው ከቀረች ትምህርቱ ጎደለ ማለት ነው።

በባኮ ስለ በቆሎ፣ በፓዌና በጅማ ስለ አኩሪ አተር ምርምር ይደረጋል። የምርምሩ ውጤት ገበሬው ማሳ ካልደረሰ ግን ጥቅም የለውም። ወሬ ብቻ ተሰምቶ የሚያልቅ ሥልጠናም እንዲሁ ነው። ጥሩ ሥልጠና ማሳ ላይ ይደረጋል። ገበሬው ሁለቱን ዓይነት አዘራር ጎን ለጎን አይቶ በእጁ ይሞክራል። የልማት ሠራተኛውንም ይጠይቃል፦ ዘሩ ስንት ነው? ከየት ይገኛል? ዝናብ ቢዘገይስ? ምርቱን ማን ይገዛኛል? «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላልና መጠየቅ አያሳፍርም።

ወደ ቤት ሲመለሱ መሬቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ መለወጥ አያስፈልግም። በትንሽ ቦታ ሞክሮ ማየት ነው። አሁን ማንበብና መጻፍ ችለናል። የዘሩን ስም፣ የተዘራበትን ቀንና የተገኘውን ኩንታል በደብተር እንጻፍ። ሰው ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም። የተጻፈውን ለጎረቤት ማንበብም ሌላ ሥልጠና ነው።

ጥያቄዎች
1. ከድቅል በቆሎ ዘር ማስቀመጥ ለምን አይጠቅምም?
2. ሕያው ማዳበሪያ በጥላ ሥር የሚታሸው ለምንድን ነው?
3. በቀበሌያችሁ ሥልጠና ቢደረግ ምን ትጠይቃላችሁ? ሦስት ጥያቄ ጻፉ።