ጤና ኬላው ለእነሱም ነው

በየቀበሌያችን ዓይነ ስውር የሆኑ፣ መስማት የተሳናቸው ወይም እንደ ልብ መራመድ የማይችሉ ወጣቶች አሉ። ጥጥ ይፈትላሉ፣ ከብት ይጠብቃሉ፣ እህል ያበጥራሉ። ስለ ሥራቸው እንነጋገራለን። ስለ ጉርምስናቸው ግን ማንም አያነሣም። «እሷን ማን ይመኛታል? እሱንስ ማን ሊያገባው?» ይባላል። ነገሩም በዚሁ ይዘጋል።

ይህ አባባል ትክክል አይደለም። ዓይን ባያይ፣ ጆሮ ባይሰማ፣ እግር ባይራመድ ሰውነት ማደጉን አይተውም። ልጃገረዷ የወር አበባ ታያለች። ጎረምሳውም ድምፁ ይጎረንናል፣ ልቡም ይከጅላል። ብዙዎቹ ማግባትና መውለድ ይችላሉ። በፖሊዮ የሰለለ እግር ወይም በትራኮማ የጠፋ ዓይን በዘር ወደ ልጅ አይተላለፍም። ኤች አይ ቪና ሌላውም የአባላዘር በሽታ ቢሆን ሰው አይመርጥም። ስለዚህ ትምህርቱም ሕክምናውም ለእነሱ ያስፈልጋል።

ታዲያ ወደ ሕክምና እንዳይደርሱ የሚያግዳቸው ምንድን ነው?

አንደኛው መንገዱ ነው። ዳገቱና ወንዙ ለጤነኛ እግር እንኳ ይከብዳል።

ሁለተኛው መግባባት ነው። መስማት የተሳናት ልጅ የሚያማትን በምን ትናገር?

ሦስተኛው ምስጢር ነው። ወንድሟ ወይም አባቷ አብሮ ገብቶ ስለ እሷ ከተናገረ፣ የልቧን አታወጣም። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

እነዚህን እንቅፋቶች ማቃለል ይቻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በገጠር ቀበሌዎች ጤና ኬላዎች ተሠርተዋል። ሠራተኞቹም ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ። መንገድ የማይሆንላት ልጅ ካለች ለሠራተኛዋ እንንገራት፤ እቤት ድረስ ትምጣ። መስማት የተሳናት በሥዕልና በምልክት ይነገራት፤ አስተርጓሚዋንም ራሷ ትምረጥ። ዓይነ ስውሯ እንክብሉን በእጇ ዳስሳ አወሳሰዱን ትወቅ። ነገር ቶሎ ለማይገባው ወጣት በአጭሩ፣ እየደጋገምን እናስረዳው።

የእርግዝና መከላከያ እንክብል፣ በየ3 ወሩ የሚወጉት መርፌና ኮንዶም በመንግሥት ጤና ኬላ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለባለሙያዋ ይንገራት። ምርጫው ግን የባለቤቷ ነው። «ጉዳተኛ ናትና አትውለድ» ብሎ በግድ ወይም በማታለል መርፌ ማስወጋት በደል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መደፈር ነው። ክፉ ሰው «ብትጮህም አትሰማ፣ ብታየኝም አትናገር» እያለ ደካማ የመሰለችውን ይመርጣል። ይህ ከደረሰ ቀን መቁጠር አያስፈልግም። ልጅቷ በ72 ሰዓት፣ ማለት በ3 ቀን ውስጥ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከደረሰች ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ልታገኝ ትችላለች። እርግዝናን የሚከላከል እንክብልም አለ። ሁለቱም ቶሎ ሲወሰዱ ይሻላሉ። ልብሷ አይታጠብ፤ ማስረጃ ነውና። ለፖሊስም ይነገር። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በካሣ ይለቅ ተብሎ፣ ነገ ዛሬ ሲባል ሦስቱ ቀን ያልፋል። ደግሞም ነገሩ የዕርቅ ጉዳይ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ መከላከል የማትችል ሴትን የደፈረ ሰውን አክብዶ ይቀጣል።

አገራችን በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ለሌላው ሰው የሚሰጠው የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ለእነዚህ ወጣቶች በእኩል እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉ ግን ብቻውን በቅሎ አይጭንም፣ ወንዝም አያሻግርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። አንዱ በቅሎ ያውስ፣ ሌላው ይደግፍ፣ ጤና ኬላው በር ላይ ያለውን ደረጃም በደቦ ደልድለን እናስተካክል።

እንወያይ

1. በሰፈራችን ጤና ኬላ ደርሰው የማያውቁ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች አሉ? ያገዳቸው ምንድን ነው?
2. ታካሚዋ ከባለሙያዋ ጋር ለብቻዋ መነጋገሯ ለምን ይጠቅማል?
3. የተደፈረች ልጅ በ3 ቀን ውስጥ ሕክምና እንድታገኝ ማን ምን ያድርግ?