«ምን ሠርተሃል?» ስንባል ምን እንመልሳለን?

ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ ፍለጋ ስንወጣ ከምናልፍባቸው በሮች አንዱ ቃለ መጠይቅ ነው። ፍኖተ ሰላም የዞን ከተማ በመሆንዋ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የቅጥር ማስታወቂያ ይለጠፋል። በቡሬም በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስለሚገኙ፣ ወጣቱ ከእርሻና ከመንግሥት ሥራ ሌላ የፋብሪካ ሥራንም ያስባል። ይሁን እንጂ ለአንድ መደብ የሚመዘገበው ብዙ ነው። ቤተ ሰቡ በግና እህል ሸጦ ያስተማረው ልጅ፣ የብዙ ዓመት ድካሙ በጥቂት ደቂቃ ጥያቄና መልስ ይመዘናል። ስለዚህ ጠያቂዎች ዘወትር የሚያነሡአቸውን ጥያቄዎችና ተገቢውን አመላለስ አብረን እንመርምር።

በቃለ መጠይቅ ጊዜ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጸማል። አንደኛው ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሠሩትን አልሠራሁም ማለት ነው። በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ የሚጎዳን ሁለተኛው ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ በታላላቆች ፊት አንገታችንን ደፍተን፣ ድምፃችንን ቀንሰን፣ ስለ ራሳችን ሳናወራ አድገናል። ይህ የሚያስመሰግን ጨዋነት ነው። ነገር ግን ጠያቂው ቤታችንንም ሆነ ሰፈራችንን አያውቅም። ዝም ስንል ጨዋ ናቸው አይልም፤ አያውቁም ብሎ ያልፈናል።

አንደኛ፤ «እስኪ ስለ ራስህ ንገረን» ይባላል። ብዙዎቻችን የትውልድ ቀበሌያችንን፣ የወንድምና የእኅቶቻችንን ቁጥር እንዘረዝራለን። ጠያቂው ግን ሊሰማ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ምን እንደ ተማርን፣ በእጃችን ምን እንደ ሠራንና ይህን ሥራ ለምን እንደ ፈለግን ነው። ከሁለት ደቂቃ በላይ ሊወስድብን አይገባም።

ሁለተኛ፤ «የሥራ ልምድ አለሽ?» የሚለው ነው። እንበል፣ ከጃቢ ጠህናን ገጠር የመጣች እኅታችን ለመጋዘን ሥራ ተጠየቀችና «ምንም የለኝም» ብላ መለሰች። ይህች ልጅ ግን በቤታቸው በርበሬና በቆሎ ለገበያ ሲወጣ ስታስመዝን፣ የማኅበርዋን ወርኃዊ መዋጮ በደብተር ስትመዘግብ ኖራለች። ትክክለኛው መልስ፣ «በደመወዝ ተቀጥሬ አልሠራሁም። ነገር ግን የምንሸጠውን በርበሬ አስመዝኜ፣ ገንዘቡን ተቀብዬ፣ ሒሳቡን ለአባቴ የማስረክበው እኔ ነበርሁ። የማኅበራችንንም መዋጮ ሁለት ዓመት ይዤ ሳይጎድል አስረክቤአለሁ» የሚል ነው። በዚህ መልስ ውስጥ ውሸትም ትምክሕትም የለም። ጠያቂው ሊያጣራው የሚችል ምስክርነት ነው።

ዳዊት በሳኦል ፊት በቀረበ ጊዜ የገጠመው ይኸው ነበር። ንጉሡ የልጁን ለጋነትና የጎልያድን የጦር ልምድ አነጻጽሮ አትችልም አለው። ዳዊት ግን ወታደር ነበርሁ ብሎ አልዋሸም፤ እረኛነቱንም አልደበቀም። በጎቹን ሲጠብቅ ከአንበሳና ከድብ እንዴት እንዳስጣላቸው ተናገረ። ንጉሡም የጦር ልብሱን ባለበሰው ጊዜ ያልለመደው ስለ ሆነ አውልቆ በወንጭፉ ሄደ።

ሦስተኛው ጥያቄ ይህን የተውሶ ልብስ ያስታውሰናል። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ሲባል ብዙ ወጣት ከሌላ የሰማውን «ሥራ ከጀመርሁ ዕረፍት አላውቅም» የሚል መልስ በቃሉ አጥንቶ ይመጣል። ጠያቂዎች ይህን በአንድ ቀን ከስንቱ አፍ ይሰሙታል! ይልቁንስ እውነተኛውን ድክመትና የጀመርነውን ማሻሻያ መናገር ይሻላል። ለምሳሌ «ኮምፒዩተር ላይ ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ፤ አሁን በየቀኑ እየተለማመድሁ ነው» ማለት ይቻላል። በሐሰት ብንገባ እንኳ ነገሩ አይሰነብትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል።

አራተኛ፤ «እሑድና በበዓል ቀን ትሠራለህ?» የሚለው ለእኛ ከባድ ጥያቄ ነው። ሥራውን እንዳናጣ ፈርተን «ምንም ችግር የለም» ብለን ከገባን በኋላ በየሳምንቱ ብንቀር ታማኝነታችንን እናጣለን። ከዚሁ አዋጅ የምንረዳው ለሠራተኛ በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንደሚገባው፣ በኅብረት ስምምነት ሌላ ካልተወሰነም በተቻለ መጠን ዕረፍቱ እሑድ ላይ እንዲውል ነው። ሆኖም ሆስፒታል እሑድ ስለ ሆነ አይዘጋም፤ በፈረቃ የሚሠራ ድርጅትም አለ። ስለዚህ «እሑድ ጧት አገልግሎት አለብኝ፤ ተረኛ ከሆንሁ ግን ከባልደረባዬ ጋር ሰዓት ተለዋውጬ ግዴታዬን እወጣለሁ» ብሎ አስቀድሞ መናገር የተሻለ ነው። ቃሉን ከሰጡ በኋላም መጠበቅ ይገባል።

አምስተኛ፤ እኅቶቻችን «ባል አለሽ? ልትወልጅ ታስቢያለሽ?» ይባላሉ። አዋጁ በጾታ ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ ይከለክላል፤ ጋብቻና እርግዝናም ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም። ሳይቆጡና ሳይሸማቀቁ «የሥራውን ሰዓትና ኃላፊነት አውቄ ነው ያመለከትሁት፤ እወጣዋለሁ» ብሎ ንግግሩን ወደ ሥራው መመለስ ይቻላል። ወንድሞችም አንድ ቀን ጠያቂ ሆነን ስንቀመጥ ይህን ጥያቄ አለመጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።

በመጨረሻ ስለ ደመወዝና ስለ ዋስ ይነሣል። ማስታወቂያው «በስምምነት» የሚል ከሆነ «የሰጣችሁኝን» ከማለት፣ የመደቡን ስኬል በትሕትና መጠየቅና ለቤት ኪራይና ለቀለብ የሚበቃውን አስቀድሞ አስልቶ መቅረብ ይገባል። ዋስ ስንጠየቅም ምን ዓይነት ዋስ፣ ለስንት ብርና እስከ መቼ እንደሚፈለግ እንጠይቅ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ ልክ መግለጽ እንዳለበት ይደነግጋል። ደመወዝተኛ ዘመድ የሌለው የገጠር ልጅ ዋስ ለምኖ ሲያገኝ፣ ያ ሰው የገባበትን መጠን ማወቅ አለበት።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ይህ ሁሉ በንባብ ብቻ የሚገኝ አይደለም። እያንዳንዳችን ከልጅነት እስከ አሁን የሠራነውን፣ ጥጃ መጠበቅም ቢሆን፣ አረምና አጨዳም ቢሆን፣ ሳንንቅ በወረቀት እንጻፍ። ከጉባኤ በኋላም ሦስታችን ጠያቂ፣ አንዳችን ተጠያቂ ሆነን እንለማመድ። ቀና ብለን፣ ጠያቂውን አክብረን፣ የሠራነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ ለመናገር አንደበታችን ይፈታ። አንዳንዴ መልሳችን ጥሩ ሆኖም ሥራው ለሌላ ይሰጥ ይሆናል። በዚያን ጊዜም ቢሆን የተናገርነው እውነት ስለ ሆነ በሚቀጥለው በር ፊት ያንኑ ይዘን ያለ ፍርሃት እንቆማለን።