ጣሳዋን ወደ መስኮቱ አስጠጓት

እናቴ ከግቢዋ ነቅላ በጣሳ የሰጠችኝ ጤና አዳም ኮንዶሚኒየማችን በገባ በሁለተኛው ወር መንምኖ ነበር። ግንዱ እንደ ክር ቀጥኖ ረዘመ፣ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ፤ የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። "እጄ ለተክል አይሆንም" አልኩ። ያዘንኩለት እየመሰለኝም በየማለዳው ውኃ ጨመርኩለት።

ወዳጆቼ፣ እጃችሁ ምንም አልሆነም! ያ የረዘመ ግንድ ብርሃን ፍለጋ የተንጠራራ ነው። ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ውኃ ብቻውን አያጠግበውም። የእኛ ዓይን ድንግዝግዙን ቶሎ ስለሚለምድ ክፍሉ ብሩህ ይመስለናል እንጂ፣ የደጅ የቀትር ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ ሲደርስ ከመስኮት የራቀ የሳሎን ጥግ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ አያልፍም። ብርሃን ያጣ ተክል ደግሞ ውኃውን ቶሎ አይጠጣም። አፈሩ ረጥቦ ይሰነብታል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። እኛም ሲጠወልግ አይተን ጠማው ብለን እንጨምርለታለን!

እስቲ ዛሬ በቀትር መዳፋችሁን ከተክሉ በላይ ዘርጉ። ጥላው ጥርት ካለ ብርሃኑ በቂ ነው፤ ከደበዘዘ ቦታ ለውጡለት። አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ በበጋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ገደማ ደግሞ ወደ ሰሜን። በታኅሣሥ ፀሐይ የሞላበት የደቡብ መስኮት በሐምሌ ቀጥተኛ ጨረር አያገኝም፤ ጣሳውም አብሯት ይዙር። በክረምት ደመናው ስለሚከብድ ውኃውን ቀንሱ።

ጤና አዳም ፀሐይ ወዳድ ነው፤ ሆኖም ጥላ የለመደን ቅጠል በአንድ ቀን ቀትር ላይ ማውጣት ያቃጥለዋል። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ፣ ከሳምንት በኋላ ጨመር ማድረግ ይሻላል። የጎማ ዛፍ ያላችሁ ደግሞ ብሩህ ቦታ ስጡት፤ ከጠንካራ የቀትር ፀሐይ ግን ከልሉት። ሰፊ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት፣ አቧራም ብርሃን ይጋርዳል።

እኔ ጣሳዬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ታቹን በምስማር በሳሁት፣ ጣቴን አፈሩ ውስጥ አስገብቼ ደረቅ ካላገኘሁ ውኃ ላለማጠጣት ወሰንኩ፣ የረዘመውንም ግንድ አሳጠርኩት። በሦስተኛው ሳምንት ከአንጓው ሥር ጥቃቅን አረንጓዴ ጫፎች ብቅ አሉ። ባለፈው እሑድ እናቴ ለቡና መጥታ ሳትጠይቀኝ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ አንድ ቅጠል ቀጥፋ ስኒዋ ውስጥ ጣል አደረገች።