የነፋስ መዘውር ከመተከሉ በፊት

ባለፈው ጥር ለዕረፍት አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ የመንደራችን ሽማግሌዎች «ልጃችን፥ በዚህ ኮረብታ ላይ ነፋሱ ሰው ይጥላል፤ ገንዘብ አዋጥተን በነፋስ የሚዞር የመብራት መዘውር ብንተክልስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ተማሪነቴ አኩርቶኝ «እንዴታ!» አልሁ። ከተመለስሁ በኋላ ሒሳቡን ስሠራው በመልሴ አፈርሁ።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። የነፋስ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ኩብ ነው። በሰከንድ 5 ሜትርና 6 ሜትር የሚነፍስባቸው ሁለት ስፍራዎች ለፊታችን ያው ናቸው፤ የ5 ኩብ 125፥ የ6 ኩብ 216 ነውና ሁለተኛው 73 በመቶ ይበልጣል። አማካዩም ብቻውን ያታልላል። ግማሹን ጊዜ 3፥ ግማሹን 9 ሜትር የሚነፍስበት ቦታ አማካዩ 6 ነው፤ የኩቦቹ አማካይ ግን 378 ስለሆነ ሳያቋርጥ በ6 ከሚነፍስበት ቦታ 75 በመቶ የበለጠ ኃይል አለው። በዚህም ላይ የደጋችን አየር ስስ ነው፤ አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ እፍጋቱ ከባሕር ጠረፍ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል፤ ኃይሉም እንደዚያው። ፋብሪካዎች የሚጽፉት አኃዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠረፍ የተሰላ ነው።

ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ዛፎችና ገበሬው ለአውድማ የመረጠው ቦታ መልካም ምልክቶች ናቸው። ነገር ግን መለኪያው የት ይቁም ለሚለው እንጂ መዘውሩ ይገዛ ለሚለው መልስ አይሆኑም። መለኪያው በረጅም ምሰሶ ላይ ሆኖ የየ10 ደቂቃውን አማካይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት መመዝገብ አለበት። ከባሕር ዛፍ መራቅም ይገባል፤ 10 ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ ከጀርባው እስከ 200 ሜትር ድረስ ነፋሱን ሊያውክ ይችላል።

ዓመት ሙሉ ለምን? እኔ ያየሁት የበጋውን ነፋስ ብቻ ነበርና! በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳው 120 ሜጋዋት፥ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው የአዳማ 153 ሜጋዋት ጣቢያ ለአገሪቱ መረብ የሚበጁት የግድቦቹ ውኃ በሚጎድልበት በበጋ ነፋሱ ስለሚበረታ ነው። ክረምት ሲገባ ግድቦቹ ይተካሉ። ግድብ የሌለው ብቸኛ መንደር ግን በክረምት ምን ይተካዋል? ባትሪ የጥቂት ቀን እንጂ የወራት ስንቅ አይይዝም።

ለሽማግሌዎቹ «ገንዘቡን አታዋጡ፤ አስቀድመን እንለካ» ብዬ ጻፍሁ። እነርሱም «ምሰሶውን እኛ እናቆማለን፥ መለኪያውን አንተ አምጣ» ሲሉ መልሰዋል። መለኪያ የሚያውሰን ጓደኛ ካለ ይንገረኝ።